ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ

መሪጌታ ገብረ ሕይወትን መጀመሪያ ያየቻቸው ወተቷን ይዛ ወደ ብቸና የምትወርደው ውበቴ ነበረች። የመስከረም ጉም ገና አልተገፈፈም። ዝግባ ማርያም መታጠፊያ ላይ ነጭ ነገር ተጋድሞ ስታይ ከሰው ጭነት የወደቀ ጋቢ መሰላትና ደስ አላት፤ ይህንን በኋላ ለፖሊስ ስትናገር ከእፍረት የተነሣ አለቀሰች። ጠጋ ስትል ጋቢው ውስጥ ሰው አለ። ሰውየውም ልጆቿን ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩ መምህር ናቸው። የወተት ዕቃዋን ጥላ ጮኸች።

ኢንስፔክተር ሰርካለም ከብቸና ስትደርስ አስከሬኑ የለም፤ መንገዱም በሰው እግር ተቦክቷል። በዚያ አገር ሰው ሞቶ መንገድ ላይ ፖሊስ ይጠብቅ ማለት ነውር ነው። ያንን ጭቃ ደፍራ የምትገባ መኪና ደግሞ የሟቹ ልጅ የአንዷለም ፒክአፕ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ሞጣ ስልክ ተደወለ። ልጁ ገበያውን ትቶ እየበረረ መጣና አባቱን በገዛ እጁ አቅፎ ጭኖ ወሰዳቸው።

«ትንሽ ብታስጠብቃቸው ምን ነበረበት?» አለችው ሳጅን ሰማውን።

«እኔ ማን ነኝና? ካህናቱ ሁሉ በአንድ አፍ ጮኹብኝ» አለ ሰማው። «ፎቶ ግን አንስቻለሁ፤ ሳይነሡም፣ ልክ እንደተነሡም። ደግሞ ገዳዩን አውቀዋለሁ።»

ሳጅን ሰማው ወንጀሉ ሳይፈጸም ወንጀለኛውን የሚያውቅ ዓይነት ሰው ነው። ሰርካለም ከኪሷ የሽምብራ ቆሎ አውጥታ እየቆረጠመች መሬቱን ማየት ጀመረች። መታጠፊያው በውስጥ በኩል የሰው ቁመት በሚያህል የአፈር ግንብ ተደግፏል። ከግንቡ አናት እስከ መንገዱ ድረስ አንድ ነገር ተንሸራትቶ የወረደበት መስመር ይታያል። ከሥሩ ክዳኑ የተከፈተ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ወድቋል።

«ጠበል ነው» አለ ሰማው። «ለታመመ ሰው ይዘው ሲሄዱ ይሆናል የተገጩት።»

«ለማን?»

«እሱን እንኳ አላጣራሁም።»

ሰማው አውቀዋለሁ ያለው ሰው ስጦታው ይባላል፤ የሞጣ ሰው ነው፤ ኢሱዙ ይነዳል። በክረምቱ መንገዱ ሲበላሽበት በቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ ሰንጥቆ ማለፍ ለምዶ ነበር። አንድ እሑድ መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ፊቱ ቆሙና መለሱት። እሱም ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «አንድ ቀን እንደቆሙ ነው የማልፍብዎ» አላቸው። ይህንን ያልሰማ የደብሩ ሰው የለም። በዚያው ዕለት ሞጣ ላይ ሲያዝ የኢሱዙዋ የቀኝ መብራት ተሰብሮ ተገኘ።

«መብራቱን ምን ሰበረው?» አለች ሰርካለም።

«ግንድ።»

«የት?»

ስጦታው መሬት መሬት አየ።

«ጎሕ ሲቀድ የት ነበርክ?»

«አልናገርም።»

«ሰው ሞቷል እኮ፣ አንተ!»

«እኔ አልገደልኩም። ከዚህ በላይ ብትሰቅሉኝም አልናገርም።»

ሰርካለም ትንሽ አየችው። ግትር ነው፤ ግን የፈራው እሷን አይደለም። «ወንድም አለህ?» አለችው።

«ታናሽ አለኝ። ሞጣ ሱቅ አለው።»

«ሱቁን ዘግቶ ለጊዜው ዘወር ይበል።»

ያኔ ነው ፊቱ ዓመድ የመሰለው። ሰው የሞተበት ወገን ገዳዩን ካጣ ወንድሙን እንደሚገድል ለጎጃም ልጅ አይነገረውም።

ለቅሶው ቤት ድንኳኑ ሞልቷል። አንዷለም ከአባቱ መቀመጫ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ደም መስሏል፤ ጢሙን የአባቱን ደም ሳይመልስ ላይላጭ ምሎ፣ መሐላውን ለቀስተኛው ሁሉ ሰምቶለታል። ወገቡ ላይ ያበጠው ነገር ምን እንደሆነ ሰርካለም ሳትጠይቅ ገባት። ብቻውን ጓሮ ወሰደችው።

«የዚያን ዕለት በዚያው መንገድ ነው የሄድከው?»

«አዎ። ሳይነጋጋ ነው ወደ ሞጣ የወጣሁት። ድንች ጭኜ ነበር።»

«አባትህን አላየሃቸውም?»

«አባባ ከእኔ ቀድመው ለኪዳን ወጥተዋል። ደህና ዋሉ እንኳ አልተባባልንም። ማታ ተቀያይመን ነበር።»

«በምን?»

«በጎማ። ለጭቃው ብዬ ሰፊ ጎማ አስገጠምኩ። ጠበል ይርጩልኝ ብላቸው፣ ‹መኪና በተሠራበት ልክ ይሂድ፤ ጥጋብ አልባርክም› አሉኝ። እኔም ተናደድኩ፤ ሳልሰናበታቸው ተኛሁ። ይኸው በዚያው ቀሩ።»

«ስጦታውን ለእኛ ተወው» አለችው ሰርካለም።

«እናንተማ ትለቁታላችሁ» አለ አንዷለም። «ልቀቁት። እኔም የምጠብቀው እሱን ነው።»

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። መሪጌታ በዚያ ጠዋት ወደ ደብሩ መጥተዋል፤ ግን ኪዳን አልቆሙም። በጀሪካን ጠበል ቀድተው፣ «መጣሁ» ብለው ወጡ። ሰርካለም የደብሩን በሽተኛ ቤት ለቤት ጠየቀች። መሪጌታን የጠበቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ስጦታው በበኩሉ ታናሽ ወንድሙ ቤቱን ጥሎ ወደ ዘመድ መሸሹን ሲሰማ ተሸነፈ። ያለ ፈቃድ ግንድ ጭኖ ሉማሜ ነበር። መብራቱንም ሲጭኑ ግንዱ ነው የሰበረው። መንጃ ፈቃዱን እንዳይነጠቅ ፈርቶ ነው ዝም ያለው። የሉማሜው ኬላ ጠባቂ፣ ስጦታው በዚያ ጠዋት ከመኪናው ወርዶ ሲለማመጠው እንደነበር አረጋገጠ። ሉማሜ ደግሞ ከዝግባ ማርያም ፍጹም በሌላ አቅጣጫ ናት።

«እንልቀቀው እንግዲህ» አለ ሰማው ቅር እያለው።

«ብንለቀው አንዷለም ይገድለዋል።»

«ካልለቀቅነውስ?»

«ያላጠፋ ሰው እንዳሰርን እንቀራለን። ስልክህን ስጠኝ።»

ፎቶዎቹን ብዙ ጊዜ አይታቸዋለች። አሁን ግን አንዱ ላይ ቆመች። ሰዎቹ መሪጌታን ልክ እንዳነሷቸው የተነሣ ነው። አስከሬኑ የነበረበት መሬት ሌላው ጭቃ እንደተረገጠው አልተረገጠም፤ በሳቸው ተሸፍኖ ቆይቷል። በዚያ ላይ የጎማ ዱካ አለ። መሃሉ ጠልቆ የታተመ፣ ግራና ቀኙ ግን የሳሳ፣ እንግዳ ዱካ ነው።

«ይኼ የአንዷለም መኪና ነው፤ ሊወስዳቸው ሲመጣ» አለ ሰማው።

«ሰማው፣ ሰው ተኝቶበት ካለ መሬት ላይ ኋላ የመጣ መኪና እንዴት ነው ከሥሩ ዱካ የሚያትመው?»

ሰማው ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ይህ ጎማ ያለፈው እሳቸው ከመውደቃቸው በፊት ነው። ኢሱዙ ደግሞ ኋላው ድርብ ጎማ ነው። ተነሥ፣ ሞጣ እንሂድ።»

ሞጣ ላይ ጎማ የሚገጥመው ፋንታ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው። ፎቶውን አይቶ ወዲያው ሳቀ። «ይቺማ የእኔ ሥራ ናት! ሰፊ ጎማ ነው፤ ቸርኬው ግን የፋብሪካው ነው፣ ጠባብ። ብረቱ ሲጠብ ጎማው ጥግ ጥጉን ተቆንጥጦ መሃሉ ያብጣል። መሬት የሚይዘውም መሃሉ ነው።»

«ሰፊ ቸርኬ ለምን አልገጠምክም?»

«ከየት አምጥቼ እቴ? ሰው ሁሉ የሚፈልገው ጎማውን ነው፤ ሲታይ ያምራል፣ ጭቃም ይወጣል። በእርግጥ መሪው እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ ፓራፋንጎውን፣ የጭቃ መከላከያውን ቆርቆሮ፣ ይነካል፤ ጭነት ሲኖር ይብሳል። ጓ! ይላል። መጀመሪያ ያስደነግጣል፣ ከዚያ ይለመዳል።»

«ለስንት ሰው ገጠምክ?»

«ዘንድሮ ለአንድ ሰው ብቻ።» ፋንታ ሳቁን ዋጠ። «ለአንዷለም። አባቱ የሞቱበት ልጅ።»

ወደ ዝግባ ማርያም ሲመለሱ የሰርካለም ቆሎ ኪሷ ውስጥ ነው፤ አላስታወሰችውም። በጎማ የተጣላ ልጅ። በማግስቱ የሞተ አባት። በገደለበት መኪና አስከሬን ጭኖ፣ በሌላ ሰው ላይ ምሎ፣ ድንኳን ውስጥ ደረቱን የሚመታ ልጅ! ብዙ ክፋት አይታለች፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየችም። ሰማውን ካቴናውን እንዲያዘጋጅ አዘዘችው።

አንዷለም ቤት አልነበረም። እናቱ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ጓዳ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሰርካለም ፎቶውን ስታሳያቸው አላዩትም። ፊቷን ነው ያዩት።

«ደረስሽበት» አሉ ቀስ ብለው።

ሰርካለም ከአጠገባቸው ተቀመጠች። «ያውቃሉ ማለት ነው፣ እማማ?»

«ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ አውቃለሁ። እሱ ግን አያውቅም። ማርያምን ስልሽ፣ ልጄ አያውቅም።»

«እንዴት አያውቅም? መኪናው ያለፈው እኮ በአባቱ ላይ ነው።»

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ የነጠላቸውን ጫፍ በእጃቸው ጠቀለሉ፤ ፈቱ፤ ደግመው ጠቀለሉ።

«ያን ዕለት ሌሊት አባቱ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም» አሉ። «‹ልጄን አስቀየምኩት› ይላሉ ይገላበጣሉ። እኔ ነኝ፣ ‹እንግዲያስ ይነሡ፤ ጠበል ቀድተው መታጠፊያው ላይ ይጠብቁትና ሲያልፍ ይርጩለት› ያልኳቸው። እዚያ ቀስ ብሎ ነው የሚታጠፈው። ደስ ብሏቸው ወጡ። ልጁ ሲነሣ አባቱ ኪዳን የሄዱ መሰለው፤ እኔም ድንገት ያያቸው ብዬ አልነገርኩትም።»

ሰርካለም የአፈሩን ግንብና የተንሸራተተውን መስመር አሰበች። ሽማግሌው መኪናዋን ሲሰሙ ከላይ ለመውረድ ቸኩለዋል። ጭቃው አንሸራተታቸው። የፊቱ ጎማ ካለፈ በኋላ ዱካው ላይ ወደቁ፤ የኋላው ግን ገና አላለፈም ነበር።

«ከሞጣ ደወለልኝ» አሉ እናቲቱ። «እየሳቀ፣ ‹ለአባባ ንገሪያቸው፣ ጎማው ከጭቃው አወጣኝ። መታጠፊያው ላይ ጓ እያለ ፓራፋንጎውን ይመታል እንጂ ሌላ እንከን የለውም› አለኝ። እኔም ሳቅሁ። አየሽ፣ ልጄ? እኔም ሳቅሁ። ገና ውበቴ አልጮኸችም ነበር። ያ ጓ ያለው ነገር ምን እንደነበር የገባኝ ከቀብሩ ማግስት ነው።»

ውጭ ሰማው ሲያስል ተሰማ። ሰርካለም ስለ ካቴናው አስባ አፈረች።

«ባሌን አጥቻለሁ» አሉ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ፤ እጇንም ያዙ። «ልጄን ተዪልኝ። ይህንን ካወቀ አይተርፍልኝም። ገዳዩ ጠፋ በያቸው። እግዚአብሔር አይቆጥርብሽም።»

«ስጦታውስ፣ እማማ? ያላጠፋ ሰው ነው። ታስሮ ቢቀር ግፍ ነው፤ ቢወጣ ልጅዎ ይገድለዋል። ያኔ አንዷለም አውቆ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል።»

አሮጊቷ እጇን ለቀቁ።

«እኔ አፌ እሺ አይለኝም» አሉ። «አንቺ ንገሪው።»

አንዷለምን ያገኘችው መኪናው ላይ ሆኖ፣ ወደ ሞጣ ሊነሣ ሲል ነው። ስጦታው ይፈታል የሚል ወሬ ደርሶታል።

«መጀመሪያ መታጠፊያው ድረስ አድርሰኝ» አለችውና ጎኑ ገብታ ተቀመጠች። ሰማው በፖሊስ መኪና ከኋላ ተከተለ።

ቀኑ ብሩህ ነበር። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ሰርካለም እንዲህ ባለ ቀን እንዲህ ያለ ነገር መናገር አሳዘናት፤ ጉም ቢኖር በወደደች። መታጠፊያው ላይ አንዷለም መሪውን ሲጠመዝዝ ከእግራቸው ሥር ጓ! የሚል ድምፅ መጣ። እሱ ፊቱም አልተለወጠም።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለች።

«ጎማው ነው። ሲታጠፍ ይነካል። አሁንማ ለምጄዋለሁ፣ አልሰማውም።»

«የዚያን ዕለትስ?»

«ያን ዕለትማ ድንች ጭኜ ነበር፤ ባሰበት። እንዲያውም ሁለቴ…»

ፍሬን ያዘ። መኪናዋ መሃል መንገድ ላይ ቆመች።

«ሁለቴ ነው ያለው» አለ። ድምፁ ተለውጧል። «አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። የኋላው ጎማ እኮ አይታጠፍም። ከኋላ ምን ሊነካ ይችላል?»

አንዷለም ዞሮ የአፈሩን ግንብ አየ።

«አባባ እዚህ ምን ይሠራሉ? ኪዳን ላይ ነበሩ እኮ!»

ይህንን ሳትነግረው ማለፍ ትችል ነበር። ልታልፈውም አሰበች። ግን ነገ ከነገ ወዲያ ከእናቱ አፍ የሚሰማው ነገር ነው፤ ለእናቱ መተው ደግሞ ይከብዳል።

«ጠበል ይዘው አንተን እየጠበቁ ነበር» አለችው። «ጎማህን ሊባርኩልህ።»

አንዷለም አልጮኸም። ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ፣ ዓይኗን ሳያይ ጭኗ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወረደና ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ሰርካለም ወርዳ ከአጠገቡ ቆመች። አላለቀሰችም ማለት ውሸት ነው።

ስጦታው በዚያው ከሰዓት ተፈታ። የአባትዬውን አሟሟት ሲነግሩት ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ተንሰቀሰቀ። የግንዱን ክስ ረስቶት ነበር፤ ሰማው ነው ያስታወሰው።

ለአገሩ አስታራቂ ሽማግሌዎች ግን ነገሩ ጠነነባቸው። በዚያ አገር ደም የሚደርቅበት ወግ አለ። የገዳይ ወገን ሽማግሌ ልኮ፣ በዳዩ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ የሟች ወገን ደጅ ይንበረከካል፤ ከሟች ወገን አንዱ ይቅር ብሎ ድንጋዩን እስኪያወርድለት ድረስም አይነሣም። እዚህ ግን የገዳዩም የሟቹም ደጅ አንድ ነው። ሽማግሌዎቹ ከየት ተነሥተው ወደ የት እንደሚሄዱ ግራ ገብቷቸው ዋርካው ሥር ተቀምጠው ቀሩ።

አንዷለም እነሱን አልጠበቀም። ሰርካለም ቃሉን ለመቀበል ወደ ብቸና ልትወስደው ስትል፣ «አንዴ ቤት ልድረስ» ብሎ ለመናት፤ አልከለከለችውም። ከአባቱ ማሳ ዳር አንድ ትልቅ ድንጋይ ነቀለ። ሰማው ሊያግዘው እጁን ሲዘረጋ በትከሻው ገፋው። አንገቱ ላይ ጭኖት፣ እየተንገዳገደ፣ ባደገበት ቤት ደጃፍ ተንበረከከ።

ለቀስተኛው ከድንኳኑ ወጥቶ ቆመ። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ በሰው መሃል አልፈው መጡ። ጎንበስ ብለው በቀጭን እጆቻቸው ድንጋዩን ያዙ፤ ከበዳቸው። ሰርካለም ልትደግፋቸው ስትጠጋ ራሳቸውን ነቅንቀው አስቆሟት። ታገሉና ከልጃቸው አንገት አውርደው መሬት ላይ ጣሉት፤ እሳቸውም አጠገቡ ተንበረከኩ።

«እኔ አወረድኩልህ፣ ልጄ» አሉት። «መታጠፊያው ላይ ይጠብቁት ብዬ የላክኋቸው እኔ ነኝ። ለእኔስ ማን ያውርድልኝ?»